ግንቡ በቀኝ፣ መስመሩ በግራ

አምቦ፣ ኅዳር 18 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለልጄ ለሚልኬሳ፤ አርባ ምንጭ

የሰማይ አምላክ እኔ በማልደርስበት ሁሉ ደርሶ ይጠብቅህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ወፍጮውም ደህና ነው።

«ስልክ ለምን አያነሱም? ተቀይመውኝ ነው?» ብለሃል። አልተቀየምኩም ልጄ። የቀኝ ጆሮዬ ዕድሜውን ሙሉ የወፍጮ ሞተር ሲሰማ ኖሮ አሁን ሌላ ነገር አልሰማም ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል። በግራው፣ ሰው አጠገቤ ቆሞ ከተናገረ እሰማለሁ። በስልክ ግን ድምፅህ የሚፈጭ በቆሎ ይሆንብኛል። ስለዚህ ጻፍልኝ። እኔም ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በአማርኛ ስለሆነ በቤታችን ቋንቋ መጻፍ አይሆንልኝም። እናትህ ሲንቄ ብትኖር «ለገዛ ልጅህ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ትጽፋለህ?» ብላ ትስቅብኝ ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ የሚስቅብኝ ሰው ጠፍቷል።

አዲስ አበባ ኳስ ስትጫወቱ መጥቼ እንዴት እንዳየሁህም ጠይቀሃል። ሳልሰናበትህ የተመለስኩት የአምቦ መኪና እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው፤ ይቅር በለኝ። አንዱን አብዶ ሠርተህ አለፍከው። ሁለተኛውንም አለፍከው። ሦስተኛው መሬት ላይ ተቀመጠልህ። ሰው ሁሉ ተነሣ፤ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ኮፍያውን ወረወረ። «ልጄ ነው» ልለው አፌን ስከፍት አራተኛው መትቶ ጣለህ። የቀኝ ክንፉ ጓደኛህ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ እጁን አንሥቶ ብቻውን ቆሞ ነበር። መልሱን እያወቀ መምህሩ ያላየው ተማሪ መሰለኝ።

እየገሠጽኩህ አይደለም። ሰው ስጦታ ሲያገኝ መጀመሪያ ለብቻው ይጫወትበታል፤ እኔም በዕድሜህ እንዲሁ ነበርኩ። ግን ፈራሁ። ሁሉም የሚመታው አንተን ነው። እግርህን በጸሎት ይዤዋለሁ፤ አንተም ኳሱን ቶሎ እየሰጠህ አግዘኝ።

አባትህ ፉፋ


ድሬዳዋ፣ የካቲት 6 ቀን 2013 ዓ.ም.

አባዬ፣

እንዴት ከረሙልኝ? ይህን ያህል ዘግይቼ በመጻፌ አፍራለሁ። ይህን ደብዳቤ የሚልክልኝ አብራር ነው፤ የጎረቤታችን የባለሱቁ የፈዲሉ ወንድም። ወደዚህ ክለብ ከመጣሁ ወዲህ የተዋወቅኩት የአገሬ ሰው እሱ ነው። ወደ አምቦ ዕቃ በጫነ ቁጥር የኔንም ወረቀት ይጭንልኛል።

«ይህ አሰልጣኝ ምን ቢያስተምርህ ነው ሰው ሁሉ ተለወጠ የሚልህ?» ላሉኝ ልመልስ። ከኋላዬ ይቆማል። ሁለት መለያ ይይዛል፣ ቀይና ሰማያዊ። ኳሱ ወደ እኔ እየመጣ ሳለ የትኛውን እንዳነሣ መናገር አለብኝ። ኳሱ እግሬ ከደረሰ በኋላ ከተናገርኩ አይቆጠርም። መጀመሪያ ሰሞን አንገቴ አላርፍ ስላለ ጓደኞቼ «ሚልኬሳ ዶሮ ሆነ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አሁን እነሱም ዶሮ ሆነዋል።

አባዬ፣ ያኔ እጁን ስላነሣው ልጅ ሲጽፉልኝ ተናድጄ ደብዳቤውን ቀድጄዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ ግን የተነሣ እጅ ሁሉ ኳሱ ሳይደርሰኝ በፊት ይታየኛል። እግሬ እንደ ድሮው አይፈጥንም፤ አብዶም ከብዙ ጊዜ አንዴ ነው። ቀድሜ ስለማይ ግን ከፈጣኖቹ ቀድሜ እደርሳለሁ። ጨዋታችን በቴሌቪዥን መታየት ጀምሯል። ፈዲሉ ሱቅ ይሂዱና ይዩኝ።

ልጅዎ ሚልኬሳ


አምቦ፣ ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ ሆይ፣

ሰላምታዬን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ፤ ልቤ ሌላ ነገር ይዟል።

ቅዳሜ ፈዲሉ ሱቅ ሆኜ አየሁህ። ፈዲሉ እንደ ልማዱ ቴሌቪዥኑ የሚለውን በግራ ጆሮዬ ይጮህልኛል። «ኦቦ ፉፋ! ‹ሚልኬሳ በሃያ ስምንት ዓመቱ በሰለ፣ በአንድ ንክኪ ነው የሚጫወተው፣ ከመሃል ወጥቶ አዲስ ቦታ አገኘ› እያሉ ነው!» ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እጄን ጨበጠኝ። እኔ ግን ሻዬን ሳልጠጣ ትቼው ወጣሁ።

ለምን እንደወጣሁ ፈዲሉ በስልክ ነግሮህ በእሱ በኩል ጠይቀኸኛል፤ እነሆ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንገትህን አይቼዋለሁ። ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ እኩል ነበር። አሁን ወደ ቀኝ ስታይ ዓይንህ ብቻ ይበቃሃል፤ ወደ ግራ ስታይ ግን አገጭህ ትከሻህን አልፎ ይሄዳል። ደግሞ የተወለድክበትን መሃል ሜዳ ትተህ የግራውን መስመር ተጠግተሃል። መስመሩን በግራህ አድርገህ ትቆማለህ፤ በዚያ በኩል ሰው እንዳይመጣብህ።

እኔ ገበያ ስወጣ የትምህርት ቤቱን ግንብ በቀኜ አድርጌ ነው የምሄደው። ባጃጅ በማይሰማው ጆሮዬ በኩል እንዳይመጣብኝ ነው። ሰው ሲያየኝ «ፉፋ ጥግ ጥጉን የሚሄድ ጨዋ ሰው» ይላል። ጨዋነት አይደለም፤ ፍርሃት ነው። ግንብ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ቢጤውን ከሩቅ ያውቃል።

የግራ ዓይንህ ምን ሆነ?

አባትህ


ድሬዳዋ፣ ጥር 27 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። የድሬ ሙቀት በዚህ ሰሞን ቀለል ብሏል። ቀን ቀን ይሞቃል፣ ማታ ግን ነፋስ አለ። አብራርና ባለቤቱ ጦይባ ምሳ ጋብዘውኝ ነበር፤ ሰላም ብለውዎታል።

ያሉት ነገር የአሰልጣኙ ታክቲክ ነው። መሃሉ ተጨናንቋል፣ ከመስመር ሆኖ ማጫወት ይሻላል ብሎ ነው። በዕድሜ አጨዋወት ይለወጣል አባዬ። ለጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ለኦቦ ኤቢሳ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ሙቀቱ አይክፋ እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ሚልኬሳ


አምቦ፣ የካቲት 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣

ስለ ሙቀቱ አመሰግናለሁ። ስለ ዓይንህ አንድ ቃል አላገኘሁም። «አልታመምኩም» እንኳ አላልክም፤ እናትህ እንዳትዋሽ አድርጋ ስላሳደገችህ አልቻልክም።

እየተቆጣሁ አይደለም። ሌሊት ሌሊት እየነቃሁ፣ ግራ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ ቤቱን ለማየት እሞክራለሁ። በሩ ይጠፋኛል።

ለብቻዬ መሸከም ስላቃተኝ ረቡዕ ጸሎት ቤት ሄጄ የጸሎት ርዕስ ሰጠሁ። ስምህን አላነሣሁም። «በቤቴ የዓይን ሕመም አለ፣ ጸልዩልኝ» ብቻ ነው ያልኩት። ኦቦ ኤቢሳ ሽማግሌ ነውና ሁሉን አስነሥቶ ጸለየ። ጥሩ ሰው ነው፤ ትንሽ ይቸኩላል እንጂ። አንተም አሁን ጻፍልኝ፤ ባለማወቅ መጸለይ ይከብዳል።

አባትህ ፉፋ


ድሬዳዋ፣ የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባዬ፣

እሺ። ይኸውልዎት።

በክረምቱ ዝግጅት ላይ ለቴስታ ስንዘል የአንድ ጓደኛዬ ክርን ግራ ዓይኔን መታኝ። ሆን ብሎ አይደለም። አብጦ ጎደለ፤ ረሳሁት። ጥቅምት ላይ ከዓይኔ ጥግ ጥቁር መጋረጃ መውረድ ጀመረ። ክለቡ ሳያውቅ አንድ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ከዓይኔ ውስጥ የተላቀቀ ነገር አለ፣ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገ ሊጠፋ ይችላል አለኝ። ቀዶ ሕክምናው ደግሞ የዘንድሮውን ጨዋታ ይጨርሰዋል። ውሌ ሰኔ ላይ ያልቃል አባዬ። ዓይኑ የተጎዳ የሃያ ስምንት ዓመት አማካይ ማን ያስፈርማል? እስከ ሰኔ ልቆይና ፈርሜ እታከማለሁ። ለሰው እንዳይናገሩ፤ በእናቴ ይዤዎታለሁ።

የሚያመኝ ሌላ ነገርም አለ። «በሰለ» ይሉኛል። ኳሱን ቶሎ የምለቀው ሁሉን ስለማይ ይመስላቸዋል። በግራዬ የሚመጣውን ስለማላይ ነው። ያ ለዓመታት የለፋሁበት ብስለት እውነት ነበር፤ የአሁኑ ላዩ ላይ ተለጥፎበታል። የቱ ዕውቀት፣ የቱ ፍርሃት እንደሆነ አሁን እኔም ለይቼ አላውቅም። እርስዎ ይለዩት ይሆን?

ሚልኬሳ


አምቦ፣ መጋቢት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ ሚልኬሳ፣

መለየቱን ጠይቀኸኛል። በጸሎት ቤታችን «ፉፋ ሐሜት አይቀበልም» እያሉ ያከብሩኛል። እውነቱ ሐሜቱ አይሰማኝም። ግን ሐሜት ሳልሰማ ብዙ ስለኖርኩ፣ አሁን ቢሰማኝም የምጠላው ይመስለኛል። እንግዲህ የትኛው ጆሮዬ ነው፣ የትኛው ልቤ? እኔም አልለየሁትም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ፤ የእኔ ጆሮ አይድንም፣ ያንተ ዓይን ግን ገና ይድናል። ሰኔ ሩቅ ነው።

አሁን የደረሰብኝን ስማ። «በቤቴ የዓይን ሕመም አለ» ስል፣ በቤቴ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝና ሁሉም የእኔ ዓይን ነው ብለው ደመደሙ። ኦቦ ኤቢሳ ሞተር ሳይክሉን አስነሥቶ መጣ። እንቢ ስለው ትሕትና መሰለው። ከኋላው ጭኖ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ነርሷ ለንሳ የምትባል ተጫዋች ልጅ ናት። ከግድግዳው ላይ የመጨረሻዋን ትንሽ ፊደል አስነበበችኝና «አባባ፣ ይህ እኮ የንስር ዓይን ነው! እኔ ራሴ አላያትም» ብላ ሳቀች። ኦቦ ኤቢሳ እዚያው ተንበረከከ። «ጸልየን ሳምንት ሳይሞላ!» እያለ በአገሩ ሁሉ አወራው። ባለፈው እሑድ ጤነኛ ዓይኔ ስለዳነ እልል ተባለ። አይደለም ለማለት እጄን ባወዛውዝ «ደስታ ነው» አሉ። ከመጪው በኋላ ባለው እሑድ ቆሜ ምስክርነት እንድሰጥ ተወስኗል፤ መዘምራኑ መዝሙር እያጠኑ ነው።

ልጄ፣ ሰው ፊት መዋሸት አንድ ነገር ነው። በሐሰት እግዚአብሔርን ማመስገን ግን አልችልም፤ ከንፈሬ እሺ አይለኝም። እውነቱን ከተናገርኩ ደግሞ እነዚህ ወጣቶች ሁሉን ነገር በስልክ ይለቁታል፤ ድሬዳዋ ከእኔ ደብዳቤ በፊት ይደርሳል። ታምሜያለሁ ብዬ ልቅር? ያም ውሸት ነው። ደግሞ ሊጸልዩልኝ ቤቴ ይመጣሉ።

ስለዚህ እለምንሃለሁ። ከዚያ እሑድ በፊት አንተው በአፍህ ለአሰልጣኝህ ንገረው። ከሌላ ሰው አይስማው። ነገርኩት ብለህ አንዲት መስመር ጻፍልኝ። ሰው አስደውዬ እንዳልነግርህ፣ የሚደውልልኝ ሰው ምሥጢሩን ይሰማል።

አባትህ፣ በጭንቀት


አምቦ፣ መጋቢት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ልጄ፣

መልስህ አልደረሰኝም። ትናንት እሑድ ነበር።

ማይኩን ሲሰጡኝ እንዲህ አልኩ። «ወገኖቼ፣ የእኔ ዓይን አልታመመም፤ ስላልታመመም አልዳነም። የታመመ ዓይን ግን አለ። ስሙን አልናገርም። እልልታችሁን ለእሱ አቆዩልኝ።» በዚህ ልቀመጥ ነበር። ኦቦ ኤቢሳ ግን ወደ ግራ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ታዲያ የማን ዓይን ነው?» ሲለኝ ማይኩ በመካከላችን ነበረ፤ አዳራሹ ሁሉ ሰማ። ዝም አልኩ። አንድ ልጅ ብቻ ያለው አባት ዝም ሲል ስም መጥራቱ ነው። ስምህ ከሰው ፊት ወደ ሰው ፊት ሲያልፍ አየሁት። ፒያኖ የሚመታው ልጅ መምታቱን ትቶ እጁን ከፒያኖው አነሣ። ኦቦ ኤቢሳ እያለቀሰ «ስልካችሁን ወደ ኪስ! ይህ ከዚህ አዳራሽ አይወጣም!» አለ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ወፍጮ ቤት ስወርድ ፈዲሉ ከሱቁ ወጥቶ እጄን ያዘ። እሱ ወደ እኛ አዳራሽ እግሩን አስገብቶ አያውቅም። «ኦቦ ፉፋ፣ አላህ ዓይኑን ይመልስለት» አለኝ። ከአዳራሹ የማይወጣው ነገር ከእኔ ቀድሞ ገበያ ወጥቷል።

ትላንትና እውነት ተናገርኩ ብዬ ነው የተኛሁት። ዛሬ ግን ራሴን እጠይቃለሁ። ለእግዚአብሔር ብዬ ነው? ወይስ እንድትታከም ስለፈለግኩ ምሥጢርህን በእሱ ስም አወጣሁብህ? በእናትህ ይዘኸኝ ነበር። መልሱን አላውቅም። ብትቀየመኝ አልፈርድብህም፤ ግን ተቀይመህም ቢሆን ታከም።

አባትህ ፉፋ


ድሬዳዋ፣ መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባዬ፣

ከእሑዱ በፊት እንዲደርስዎ አብራርን ለምኜዋለሁ። ጊንጪ ላይ መንገድ ተዘግቶ መኪኖች ቆመዋል ይላል፤ እንግዲህ እንደ ፈጣሪ ፈቃድ ነው።

ደብዳቤዎን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ። ኦቦ ኤቢሳ ሞተር ላይ ጭኖ ሲያበርርዎት ታየኝ። ከዚያ ተናደድኩ፣ እንዴት እንዲህ ያጣድፉኛል ብዬ። ማታ ልምምድ ላይ ግን አንድ ታዳጊ በግራዬ መጥቶ ተጋጨንና እሱ ወደቀ። እኔን ሳይሆን እሱን አመመው። ልጁን አነሣሁና በቀጥታ ወደ አሰልጣኙ ሄድኩ።

ነገርኩት። ተነሥቶ እነዚያን ሁለት መለያዎች አመጣ፣ ቀዩንና ሰማያዊውን። በግራዬ ቆመ። «የትኛውን አነሣሁ?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«አሁንስ?»

«አንሥተሃል እንዴ?»

መለያዎቹን ወንበሩ ላይ ጣላቸውና ተቀመጠባቸው። «እኔ ደግሞ ‹ይህን ልጅ እኔ ነኝ ያበሰልኩት› እያልኩ ስፎክር ከረምኩ» አለ። ከዚያ ስልኩን አንሥቶ ለክለቡ ሐኪም ደወለ። ነገ ጠዋት ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ እሄዳለሁ። ስለ ውሉ አልጠየቅኩትም፤ እሱም አላነሣውም።

እሑድ ሲጠሩዎት የፈለጉትን ይናገሩ። የሚደበቅ ነገር የለም። ፈርቻለሁ አባዬ። ይጸልዩልኝ፤ አሁን በስሜ።

ሚልኬሳ


አምቦ፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ያ ኢልማ ኮ፣

ያችን የጊንጪዋን ደብዳቤ አሁንም እንደያዝኳት ነው። ከእሑዱ በኋላ ስትደርሰኝ ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግርህም። አንተ ቀድመህ ተናግረህ ነበር፤ እኔ አላወቅኩም። ያም ሆኖ ያን «ለእግዚአብሔር ብዬ ነው ወይ?» የሚል ጥያቄ ከራሴ ላይ አላወረድኩትም፤ ስንገናኝ ጠይቀኝ።

«በቴሌቪዥን አዩኝ?» ብለሃል። አየሁህ እንጂ! ከቀዶ ሕክምናውና ከአዲሱ ውልህ በኋላ ተቀይረህ ለመግባት መስመሩ ላይ ስትቆም ፈዲሉ ደንበኞቹን ትቶ ወንበር ላይ ወጣ። ሐኪሙ የግራ ዓይንህ ጥግ ማየቱ አይመለስም፣ ከእንግዲህ ቴስታም የለም እንዳለ ስለማውቅ የምትቆምበትን ብቻ ነው ያየሁት። የግራውን መስመር ትጠጋለህ ብዬ ጠበቅኩ። አልተጠጋህም። ቀጥ ብለህ መሃል ሜዳ ገባህ።

ከዚያ ኳሱ መጣልህ፤ አንድ ረጅም ልጅ በግራህ እየሮጠ መጣ። ተነሣሁ። አላየኸውም። ወደ ግራ አንገትህን እንኳ አላዞርክም። ግን ኳሱን በአንድ ንክኪ ለቀቅክና ልጁ በባዶ ሜዳ አለፈ። ምን እንዳዳነህ አልገባኝም ነበር፤ ያ የግራ ተከላካያችሁ ሮብሳን አፉን በሰፊው ከፍቶ አየሁት። «ምን አለ?» ብዬ ፈዲሉን ያዝኩት። ፈዲሉም አሁን ደጋግሞ ነው የሚጮህልኝ፤ ግራውም ጆሮዬ እየሰነፈ ነው፣ አልነገርኩህም ነበር። «‹ሰው!› አለው!» ብሎ ጮኸልኝ። «ሰው እየመጣብህ ነው አለው!»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመትህ የተነሣ እጅ አታይም ነበር። ኋላ እጁን ሁሉ አየህ። አሁን ደግሞ የማታየውን በሌላ ሰው አፍ ታያለህ። ጋዜጠኞቹ ምን እንዳሉት አላውቅም። እኔ ግን ሻዬን ጠጣሁ። እሑድ ደግሞ ያስቀመጥነውን እልልታ አወጣነው፤ ኦቦ ኤቢሳ ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ።

ለዕረፍት ልትመጣ መሆኑን ጽፈህ «መናኸሪያ አይድከሙ፣ ባጃጁ ይበዛል» ብለሃል። እመጣለሁ። ከመኪናው ስትወርድ ዞረህ አትፈልገኝ፤ በግራህ ቆሜ ታገኘኛለህ። አንተም በቀኜ ትሆናለህ። በገበያው መሃል ለመሃል ነው የምንሄደው። ግንቡን ለሌላ ሰው እንተውለት።

አባትህ ፉፋ